ሲንኩ አልወርድ ሲል፦ ከሲፎኑ እስከ ጣሪያው የአየር ቱቦ

በሳምንት ሁለት ሦስቴ የሚደወልልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «ሲንኩ አልወርድ ብሏል፣ ምን ልድፋበት?» አንዳንዱ በረኪና ደፍቶ ነው የሚደውለው፣ አንዳንዱ የፈላ ውሃ፣ አንዳንዱ ሁለቱንም። መልሱን አንዴ በጽሑፍ ላስቀምጠው፦ ገና ምንም አትድፉበት። መጀመሪያ የተደፈነው የት እንደሆነ እወቁ። ሲፎኑ ሊሆን ይችላል፣ የቤቱ ቱቦ ሊሆን ይችላል፣ የአየር መውጫው ወይም ጉድጓዱ ሊሆን ይችላል። ሲንኩ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው አራቱም አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን አይገናኝም።

መመሪያው ባሕር ዳር ላለ የግቢ ቤት ነው፦ ቱቦው ፒቪሲ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ፍሳሹ ግቢ ውስጥ ወዳለ ሴፕቲክ ታንክ ወይም ጉድጓድ የሚገባ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ ከማንሆሉ (ከቤቱና ከጉድጓዱ መሀል ካለው ባለ ክዳን መክፈቻ) በቀር እስከ ደረጃ 7 ያለው ለእናንተም ይሠራል፤ ማንሆሉና ከደረጃ 7 በኋላ ያለው የጋራ መስመር ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ የምትሠሩት ነው።

ፍሳሹ እንዴት ይሄዳል?

ከሲንኩ ሥር ያለው የታጠፈ ወይም ጠርሙስ የሚመስል ዕቃ ሲፎን ነው። ውስጡ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ሁልጊዜ ተኝቶ ይቀራል። ይህ ውሃ ክዳን ነው፤ የጉድጓዱን ሽታ፣ በረሮውንና ትንኙን ያግዳል። ከሲፎኑ የወጣው ውሃ በ50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ሄዶ ከሽንት ቤቱ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ በማንሆል አልፎ ወደ ጉድጓዱ ይገባል።

የአየር ቱቦው ደግሞ ከዚሁ መስመር ተነሥቶ በግድግዳው በኩል ከጣሪያ በላይ የሚወጣው፣ አናቱ ላይ ኮፍያ ያለው ቱቦ ነው። ለምን እንዳስፈለገ ለማየት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሞልታችሁ ዘቅዝቁት። «ቡልቅ፣ ቡልቅ» እያለ እየተቆራረጠ ይወርዳል፤ ውሃው በሚወጣበት አፍ አየር መግባት ስላለበት ነው። ቂጡን በምስማር ብትበሱት ያለምንም ድምፅ ይንቆረቆራል። የቤታችሁ ቱቦም እንደዚያ ነው። ከላይ አየር ካላገኘ በአቅራቢያው ካለ ሲፎን ውስጥ ይስባል፣ ክዳን የሆነውን ውሃ ጠጥቶ ይሄዳል፤ ሽታውም ይገባል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሁለት ባልዲ፣ እንዲሁም ሲፎኑ ሥር የምትገባ ዝቅ ያለች ሳፋ።
- የጎማ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ አሮጌ ጨርቅ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ።
- ትልቅ ፒንሳ እና ካቻቪቴ።
- የእንጨት እጀታ ያለው የጎማ መግፊያ። የሲንኩና የሽንት ቤቱ ለየብቻ ይሁን።
- የቱቦ መጥረጊያ ስፕሪንግ፤ ለቤት ውስጥ 5 ሜትር፣ ለማንሆል መስመር 10 ሜትር። ካላገኛችሁ ግማሽ ኢንች ጥቁር የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ጫፉን በቢላ አለስልሳችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፤ እንደ ስፕሪንጉ ባይሽከረከርም ይገፋል።
- ለሲፎናችሁ ልክ የሆነ አዲስ ጎሚኒ (መገጣጠሚያው ውስጥ የሚገባው የጎማ ቀለበት)። አሮጌው ሲፈታ ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ መለዋወጫ ሳትይዙ እሑድ ማታ አትጀምሩ።
- በጄሪካን የተቀዳ ቢያንስ 40 ሊትር ውሃ። ሥራው መሀል ላይ ውሃ ቢሄድ መሞከሪያ አይኖራችሁም።
- ለጣሪያ ሥራ ብቻ፦ መሰላል፣ ገመድ፣ ወፍራም ሽቦ፣ አንድ ረዳት።

ሳትጀምሩ አንብቡት

ማስጠንቀቂያ 1። በረኪናን ከአሲድ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በረኪና ሽንት በተጠራቀመበት መቀመጫ ላይ መድፋትም መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ትናንት ሌላ ሰው ምን እንደደፋ ካላወቃችሁ ዛሬ ሌላ ነገር አትጨምሩ።

ማስጠንቀቂያ 2። ኮስቲክ ሶዳ ወይም አሲድ ገብቶበት ውሃው ከነኬሚካሉ ከቆመ መግፊያ ጎማ አትጠቀሙ። የመጀመሪያው ግፊት ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል። ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ በኩባያ ወደ ባልዲ ቀንሱት፣ ከዚያ ብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ።

ማስጠንቀቂያ 3። ሴፕቲክ ታንክ ወይም ጉድጓድ ውስጥ አትግቡ፤ ባዶ ቢመስልም፣ የወደቀ ሰው ለማውጣትም ቢሆን። ውስጡ ያለው ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ «አሁንማ አይሸትም» የሚባልበት ሰዓት ዋናው የአደጋ ሰዓት ነው። አንድ ሰው ሲወድቅ ሊያወጣው የገባው ሁለተኛም አብሮ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

ማስጠንቀቂያ 4። ክፍት ማንሆል፣ ጉድጓድ ወይም የአየር ቱቦ አፍ ላይ ክብሪት፣ ሻማ፣ ሲጋራ አይኑር። የሚወጣው ጋዝ ይነድዳል።

ደረጃ 1፦ የት ነው የተደፈነው?

ይህ ደረጃ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህንን ነው፤ ስለዚህም ነው ሲፎን ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሦስት ጊዜ የሚከፋው።

ሀ) ቤቱን ዙሩና እያንዳንዱን ለየብቻ ሞክሩ፦ የኩሽና ሲንክ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ሻወር፣ ሽንት ቤት፣ የግቢው የልብስ ማጠቢያ። አንዱ ብቻ ከዘገየ ችግሩ የራሱ ሲፎን ወይም ከሲፎኑ በኋላ ያለው አጭር ቱቦ ነው። ሻወሩና ሽንት ቤቱ አብረው ታመው ኩሽናው ደህና ከሆነ የመታጠቢያ ቤቱ መስመር ነው። ሁሉም ከሆነ ወደ ማንሆሉና ወደ ጉድጓዱ ሂዱ፣ ሲንክ ሥር አትንበርከኩ።

ለ) የባልዲ ሙከራ። ሽንት ቤቱ ወደ ጠርዙ ሞልቶ ካልቆመ፣ 10 ሊትር ያህል ውሃ በአንድ ጊዜ ድፉበት። ረዳታችሁ በዚያው ሰዓት የሻወሩን የወለል ማውረጃ በስልክ መብራት ይመልከት። እዚያ ያለው ውሃ ወደ ታች ተስቦ «ጉርርር» ካለና ሽንት ቤቱ ከወረደ የጎደለው አየር ነው፤ ደረጃ 8 ላይ ነው ሥራችሁ። ውሃው በማውረጃው ወደ ላይ ከመጣ ደግሞ ከሁለቱ በታች ያለው ቱቦ ተደፍኗል። ወደ ታች ከሳበ አየር፣ ወደ ላይ ከመጣ ቱቦ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህችን ያዙ።

ሐ) ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠይቁ። ከአንድ ቀን ወደ ሌላው በድንገት ከሆነ የገባ ዕቃ አለ፦ ማንኪያ፣ ጨርቅ፣ የሕፃን ዳይፐር። በወራት ቀስ እያለ ከሆነ ቅባት ነው። በጋውን ሙሉ ደህና ሆኖ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ጉድጓዱን ጠርጥሩ። ቤቱ አዲስ ሆኖ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በደንብ ወርዶ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ የሴራሚክ ሠራተኛው የታጠበበት ሲሚንቶ ቱቦው ውስጥ ደርቋል፣ አለበለዚያ ቱቦው ተዳፋት የለውም። የ50 ሚሊ ሜትር ቱቦ በ1 ሜትር ርዝመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ለእነዚህ ሁለቱ መድኃኒቱ ቆፍሮ መቀየር ነው፤ ገንዘባችሁን በኬሚካል አትጨርሱ።

ደረጃ 2፦ ማንሆሉን ክፈቱ

ከቤቱና ከጉድጓዱ መሀል ያለውን ክዳን ለሁለት አንሡት፣ ጠርዙ ላይ ድንጋይ ወይም ብሎኬት አስቀምጡ፤ ጣት የሚቆረጠው ክዳኑ ሲንሸራተት ነው። ልጆችን አርቁ። አሁን ቤት ውስጥ ውሃ ይደፋ። ማንሆሉ ደረቅ ሆኖ ከቀረ መደፈኑ ከቤቱ እስከ ማንሆሉ ባለው ውስጥ ነው። ማንሆሉ ሞልቶ ከቆመ ከማንሆሉ ወደ ጉድጓዱ በሚሄደው ቱቦ ወይም በራሱ በጉድጓዱ ነው። በዚች አንዲት እይታ የሥራችሁን ግማሽ ትቀንሳላችሁ።

ማንሆል የላችሁም? የብዙ አሮጌ ቤቶች ችግር ነው። የሽንት ቤቱን መቀመጫ ማንሣት የመጨረሻው አማራጭ ስለሆነ በስፕሪንግ ርቀት ትለኩታላችሁ፤ ደረጃ 6 ላይ አለ።

ደረጃ 3፦ ምን እንደገባበት ገምቱ

መድኃኒቱ እንደ ገባው ነገር ይለያያል፤ አንዱን የሚያቀልጠው ሌላውን ያጋግረዋል።

ቅባት። የሚረጋው ዘይትና የቅቤ እጣቢ ሲሞቅ ፈስሶ ይገባና ቱቦው ግድግዳ ላይ ይረጋል፤ ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ሲበርድ ይብሳል። ለዚህ የሚሻለው ሞቅ ያለ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና (ላርጎ) ነው። የፈላ ውሃ ግን አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ወደ 94 ዲግሪ ላይ ነው፤ ፒቪሲ ደግሞ 80 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ መገጣጠሚያውም ይላቀቃል። የፈላውን ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሉ፤ 60 ዲግሪ የማይሞላ ይወጣል፣ ለቱቦውም ለቅባቱም የሚስማማ ነው።

ሊጥና አብሲት። የእንጀራ ቡኾ ዕቃ ሲንክ ውስጥ የሚታጠብበት ቤት የሚገጥም ነው። እዚህ ላይ ሙቅ ውሃ ጠላት ነው፤ ሊጡ ቱቦው ውስጥ ይበስልና ሙጫ ይሆናል። አንድ እህቴ የዘይት መደፈን በሙቅ ውሃ ለቆላት ስለነበር በሊጡም ላይ ደገመችው፤ ያ ቱቦ በመጋዝ ተቆርጦ ነው የወጣው። ለሊጥ ቀዝቃዛ ውሃና መግፊያ ጎማ ብቻ።

የዓሣ ቅርፊት። ሐይቁ አጠገብ ስላለን ቆሮሶ ቤት ውስጥ የሚጠረግበት ግቢ ብዙ ነው። ቅርፊቱ ጥፍር የሚያህል ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ አይሟሟም፣ ቅባቱ ላይ እንደ ጣሪያ ክዳን ተደራርቦ ይለጠፋል። ኬሚካል አይነካውም። በእጅና በስፕሪንግ ብቻ ነው የሚወጣው። አምባዛ የምትወድዱ በዚህ በኩል ዕድለኞች ናችሁ፤ ቅርፊት የለውም።

የቡናና የጠላ አተላ። እንደ አሸዋ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይተኛል። ጌሾ ከገባበት ቅጠሉና እንጨቱ ወጥመድ ይሆናል፤ የሚመጣው ሁሉ እዚያ ላይ ይጠመጠማል። የሻወሩ ደግሞ ፀጉርና የሳሙና ፍርፋሪ ነው፤ ጫፉ በታጠፈ ሽቦ ይሳባል።

ደረጃ 4፦ ሲፎኑን ፍቱና እጠቡ

1. ሳፋዋን ከሥሩ አድርጉ። የቆመውን ውሃ መጀመሪያ በኩባያ ቀንሱ፤ አለበለዚያ ሲፈታ ሁሉም በአንዴ እጃችሁ ላይ ይመጣል።
2. ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡት። የትኛው ጎሚኒ በየት በኩል እንደነበር የሚረሳው ሁሉም ሰው ነው።
3. ጠርሙስ መሰል ከሆነ የታችኛውን ኩባያ ብቻ በእጅ አዙራችሁ ፍቱ። የታጠፈ ከሆነ ሁለቱን ብሎኖች። ካልዞረ በጨርቅ ሸፍናችሁ በፒንሳ ቀስ አድርጉ፤ ላስቲክ ነው፣ ይሰነጠቃል።
4. ያወጣችሁትን ተመልከቱ። የደረጃ 3 ግምታችሁ ልክ መሆኑን የሚነግራችሁ ይህ ነው። ባዶና ንጹሕ ከሆነ መደፈኑ ከግድግዳው ወዲያ ነው።
5. ግቢ ወጥታችሁ በጥርስ ብሩሽ እጠቡት። ሲፎኑ የተፈታበት ሲንክ ውስጥ አይደለም! ይህን የምጽፈው ራሴም አንዴ እግሬ ላይ ስላፈሰስኩት ነው።
6. ሲመለስ የጎሚኒው ቀጭኑ ጎን ወደ መገጣጠሚያው ይግባ። በእጅ አጥብቁ፣ በፒንሳ ከሩብ ዙር አትለፉ። ሲበዛ ጎሚኒው ይጨፈለቅና በዚያው ያንጠባጥባል።

የገጠማችሁት ያ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፈው ቱቦ ከሆነ እጥፋቱ ሁሉ ቅባት ይይዛልና ልሙጥ በሆነ ሲፎን ለውጡት። ለጊዜው የምታቆዩት ከሆነም ታጥፎ ውሃ የሚያስቀርበት ጎድጓዳ መኖሩን አረጋግጡ። ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ውሃ አይዝም፣ ሽታውም ያለ ከልካይ ይመጣል።

ደረጃ 5፦ በጎማ ግፉ

ሲፎኑ ታጥቦም ካልወረደ ወደ ቦታው መልሱትና ሲንኩን ጎማው እስኪሸፈን ድረስ በውሃ ሙሉት። ትርፍ ውሃ የሚወጣበትን የላይኛውን ቀዳዳ፣ ባለ ሁለት ሲንክ ከሆነም የሁለተኛውን አፍ በእርጥብ ጨርቅ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ዝጉ። ይህን ካላደረጋችሁ ኃይላችሁ በዚያ ቀዳዳ ይወጣል፤ «ጎማ አይሠራም» የሚለው ሰው ሁሉ የረሳው ይህንን ነው።

ከ10 እስከ 15 ጊዜ ሳታነሡ ግፉና ሳቡ፣ በመጨረሻው ላይ በኃይል ነቅላችሁ አውጡ። የሚሠራው ስባቱ ነው፤ ግፊት ብቻ ከሆነ መደፈኛውን እያጠበቀው ይሄዳል። ሦስት ዙር ሞክራችሁ ካልተነቃነቀ ተዉት፣ ወደ ስፕሪንጉ ሂዱ።

ደረጃ 6፦ ስፕሪንግ

ሲፎኑን ፍቱትና ስፕሪንጉን በቀጥታ ግድግዳው ውስጥ ባለው ቱቦ አስገቡ። በሲፎኑ እጥፋት በኩል ማስገባት ስፕሪንጉንም ሲፎኑንም ያበላሻል። አንድ እጅ ይግፋ፣ ሌላው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያዙር፤ ወደ ኋላ ካዞራችሁ ጫፉ የያዘውን ይለቅቃል። ክርን (የቱቦው መታጠፊያ) ሲገጥመው ይከብዳል፤ ያን ጊዜ አታስገድዱ፣ እያዞራችሁ ጠብቁት።

ሲቆም ስፕሪንጉ ከቱቦው አፍ ላይ የሚገናኝበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። አውጥታችሁ ከግድግዳው ውጭ በቱቦው መስመር ላይ መሬት ላይ ዘርጉት፤ ጫፉ የሚያርፍበት የተደፈነበት ቦታ ነው። ማንጎ ወይም ዋርካ ሥር ላይ ከደረሰ የገባው ሥር ነው፤ መቆረጥና መገጣጠሚያው መታደስ አለበት። ለጊዜው ብትበሱትም በጥቂት ወር ተመልሶ ይመጣል።

በፌሮ አትጎርጉሩ። ባለ 6 ፌሮ ጠንካራ ስለሆነ ክርን ላይ ሲደርስ አይታጠፍም፣ ፒቪሲውን ወግቶ ይወጣል። ያን ጊዜ ሲንኩ በጣም ጥሩ ይወርዳል፤ የሚወርደው ግን ቤታችሁ መሠረት ውስጥ ነው።

ደረጃ 7፦ ወለልና ሽንት ቤት

የሻወር ማውረጃውን ክዳን አንሡ፣ ውስጡ ያለውን ኩባያ አውጥታችሁ እጠቡና መልሱት። ብዙ ቤት ውስጥ «ውሃ ስለሚያዘገይ» ተብሎ ተጥሏል፤ ሲፎኑ እርሱ ስለነበር ከዚያን ቀን ጀምሮ ይሸታል።

ሽንት ቤት ላይ በጎማው ከንፈር ቀዳዳውን በደንብ ግጠሙና ቀስ ብላችሁ ጀምሩ። ውሃ ስለሌለ በኩባያ እየቆጠባችሁ የምትደፉ ከሆነ ግን መደፈኑ እናንተ የምትሠሩት ነው፦ ጥቂት ውሃ ቆሻሻውን መሀል መንገድ አድርሶ ጥሎት ይሄዳል። አንድ ባልዲ በአንድ ጊዜ።

ደረጃ 8፦ የአየር ቱቦው

በባልዲ ሙከራው ውሃው ወደ ታች ከተሳበ እዚህ ናችሁ። ሌሎች ምልክቶችም አሉ፦ ሽንት ቤት ሲለቀቅ ሲንኩ ያጉረመርማል፣ ንጹሕ ሲፎን ያለው ሲንክ ይሸታል፣ ሽታው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቅ ብሎ ይጠፋል።

መጀመሪያ ቱቦው መኖሩን ከግቢ ሆናችሁ እዩ። ጉድጓዱ ላይ ብቻ የቆመው ቱቦ በቂ አይደለም፤ ከቤቱ መስመር የተነሣ መኖር አለበት። ከሌለ የሚጠረግ ነገር የለም፤ ከሲፎኑ በኋላ ካለው ቱቦ ላይ 50 ሚሊ ሜትር አስነሥቶ ከጣሪያ በላይ የሚያወጣ ባለሙያ ጥሩ።

ጣሪያው። ጤዛ ያለበት ቆርቆሮ ሳሙና ነው፤ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ወይም ዝናብ እንዳባራ ቆርቆሮው ሳይደርቅ አትውጡ። መሰላሉን ከላይ በገመድ እሰሩ፣ ረዳት ከሥር ይያዝ። የምትረግጡት ምስማሮቹ በተሰለፉበት መስመር ላይ ነው፤ ከሥሩ ሞራሌ (ቆርቆሮው የተመታበት እንጨት) አለ፣ ከመስመሩ ውጭ ያለው ቆርቆሮ ይጎደጉዳል። ከመውጣታችሁ በፊት ከምሰሶው ወደ ቤቱ የሚገባው የመብራት ሽቦ የት በኩል እንደሚያልፍ አስተውሉ፤ በእጃችሁ ረጅም ሽቦ ይዛችኋል።

1. ቱቦው አጠገብ ሳትደርሱ ጥቂት ቆማችሁ እዩ። ንብ የሚገባና የሚወጣ ከሆነ ውረዱ፤ የዛሬ ሥራ አይደለም።
2. ኮፍያውን አንሡና በስልክ መብራት ወደ ውስጥ ተመልከቱ። የምታገኙት የወፍ ጎጆ፣ የሸረሪት ድር፣ የዘንባባና የጃካራንዳ ቅጠል፣ አንዳንዴም ልጆች የጣሉት ኳስ ነው።
3. መጀመሪያ ጫፉ በታጠፈ ሽቦ ወደ ላይ ሳቡ። ከገፋችሁት ጎጆው ክርኑ ላይ ሄዶ ይቀመጥና ከአየር ችግር ወደ ቱቦ ችግር ትሸጋገራላችሁ።
4. የቀረውን በስፕሪንግ አላልቁ፣ ከዚያ በጆግ ቀስ እያላችሁ 5 ሊትር ያህል ውሃ ድፉ። ረዳታችሁ ማንሆሉ ላይ ይስማ፤ ውሃው ከደረሰው ተከፍቷል። ወደ እናንተ ከሞላ አቁሙ፣ ደግማችሁ በስፕሪንግ ሥሩ።
5. ኮፍያውን መልሱ፣ ሥሩ ሽቦ ወንፊት አድርጉለት። ጣት የማያስገባ ቀዳዳ ያለው ለወፍና ለቅጠል ይበቃል። ለትንኝ ብላችሁ ጥቅጥቅ ያለውን የምትመርጡ ከሆነ (ጉድጓድ ውስጥ የሚራባ ትንኝ በዚህ ቱቦ ይወጣል፣ ምርጫው አይከፋም) ግንቦት ላይና ጥቅምት ላይ አውርዳችሁ አራግፉት፤ አቧራና ድር በወራት ይደፍነዋል።

ሽታ ብቻ ካለና ውሃው ደህና ከወረደ ጣሪያ ከመውጣታችሁ በፊት የማይሠራበትን ክፍል ማውረጃ እዩ። መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀት ላይ የእንግዳ ክፍል ሲፎን ይደርቃል። አንድ ጆግ ውሃ ድፉበት፣ ላዩ ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፤ ዘይቱ ትነቱን ያዘገያል።

ደረጃ 9፦ ጉድጓዱ፣ በተለይ ክረምት ላይ

ሐይቁ ዳር ያሉና ረባዳ ሰፈሮች ውስጥ በክረምት የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ይመጣል፤ የጣና ከፍታም ጣሪያው የሚደርሰው መስከረም ላይ ነው። መሬቱ ውሃ ከጠገበ ጉድጓዱ የሚያሰርግበት የለውም። ቱቦው ንጹሕ ነው፣ ስፕሪንግ የሚያገኘው ነገር የለም።

የምታደርጉት፦ የጣሪያው የዝናብ ውሃ ወደ ጉድጓዱ ተገናኝቶ ከሆነ ዛሬውኑ አላቅቁት፤ አንድ ከባድ ዝናብ ከቤተሰቡ የሳምንት ፍሳሽ ሊበልጥ ይችላል። ልብስ ማጠብን ቀን ከፋፍሉት። የመምጠጫ መኪና ከጠራችሁ ነሐሴ ላይ ታንኩን ሙሉ በሙሉ አታስባዱ። ዙሪያው ያለው ውሃ ባዶውን ታንክ ይገፋዋል፤ የፕላስቲኩ ሊንሳፈፍ፣ የግንቡ ሊሰነጠቅ ይችላል። ግማሽ ያህል አስወጡ፣ ሙሉውን ለታኅሣሥ አቆዩት። መኪናው ሲመጣም ሰው ክዳኑ ላይ አይቁም፤ የቆየ የጉድጓድ ሶሌታ (የኮንክሪት ክዳን) ከታች በኩል ይበላል።

ደረጃ 10፦ ሞክሩት

ሲንኩን ሞልታችሁ በአንዴ ልቀቁ። አዙሪት ሠርቶ ያለ ማጉረምረም መውረድ አለበት። ደረቅ ወረቀት ሲፎኑ ሥር አንጥፉ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እዩት፤ ነጠብጣብ ካለ ጎሚኒው ተጣሟል። በመጨረሻ የባልዲ ሙከራውን ድገሙ። የማንሆሉን ክዳን ሳትመልሱ አትሂዱ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

አሲድ ለፀጉር፣ ኮስቲክ ሶዳ ለዓሣ ቅርፊት፣ ሙቅ ውሃ ለሊጥ። ሦስቱም ገንዘብ ጨርሰው ነገሩን እዚያው ይተዉታል። ኮስቲክ ሶዳ ቆሞ በቆየ ውሃ ላይ ሲደፋ ሙቀቱ ሲፎኑን ሲያጣምመውም አይቻለሁ።

ሲንኩ ወለል ላይ ያለውን ወንፊት አውጥቶ መጣል። «ያዘገያል» ይሉታል። ያዘገየው የያዘው ሩዝና ሽንኩርት ነው።

ሽታውን ለማጥፋት የአየር ቱቦውን አፍ በፌስታል ማሰር። ሽታው ከጣሪያ ወደ ኩሽና ይዛወራል።

ከማንሆሉ የወጣውን ደለል የጎርፍ ቦይ ውስጥ መገልበጥ። በመጀመሪያው ዝናብ ቦዩ ሞልቶ ወደ ራሳችሁ በር ይመለሳል፣ የቀረው ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ውሃ የማይመጣበትና ከአትክልት የራቀ ቦታ ቆፍራችሁ ቅበሩት።

ሰው የምትጠሩ ከሆነም ስትደውሉ «ተደፍኗል» ብቻ አትበሉ። የትኞቹ እንደታመሙ፣ ማንሆሉ ደረቅ ይሁን ሙሉ፣ ስፕሪንጉ በስንት ሜትር እንደቆመ፣ ኬሚካል ገብቶበት ከሆነ ምን እንደሆነና መቼ እንደተደፋ ንገሩት። የኋለኛውን በተለይ አትደብቁ፤ እጁን የሚከትተው እርሱ ነው።